ካይሮ፦ የጀበርቶች ሪዋቅና የዓባይ መለኪያ



ስለ ካይሮ ያልሰማ ሙስሊም ቤተሰብ በአገራችን ብዙም የለም። «ምስር ደርሰው የመጡ» ሸይኽ ስም ሲነሳ ያደግን ነን። በልጅነታችን በካሴት የሰማናቸው ታላላቅ ቃሪኦች፣ እነ ዐብዱልባሲጥ፣ እነ ሚንሻዊና እነ ሑሰሪ፣ ሁሉም ግብፃውያን ናቸው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. የወንዝ ውሃ አለካክን በሚመለከት የሥራ ስብሰባ ወደዚያች ከተማ ስንጠራ ሦስታችንም፣ ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህት፣ ሻንጣችንን ያዘጋጀነው ከጥሪው ደብዳቤ ቀድመን ነበር ማለት ይቻላል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ስብሰባው ብዙ አንልም። ስብሰባ የትም ቢሆን ስብሰባ ነው፤ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ሻዩ ይጣፍጣል፣ የመጨረሻው ተናጋሪ ሰዓቱን አያከብርም። ሥራችንን ሠርተን የተረፈንን ከሰዓት በኋላና አንድ ሙሉ ቀን ለከተማዋ ሰጠናት።

ካይሮ ከመኪና ይልቅ በባቡር ትገኛለች። የምድር ውስጥ ባቡሯ በ1987 ሲከፈት በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ከፉርጎዎቹ መካከል ለሴቶች ብቻ የተለዩ ስላሉ እህታችን ከእኛ ይልቅ ተመችቷት ተጓዘች፤ እኛ በወንዶቹ ግፊያ መካከል ቆመን ሄድን። ዐተባ በሚባለው ጣቢያ ወርደን ጨርቅ፣ መጫወቻና ድስት በተደረደረበት የሙስኪ መንገድ ሰው እየገፋን አዝሀር ደረስን። መንገድ ማቋረጥን በተመለከተ ለወጣቶቻችን የምንመክረው አንድ ነገር ነው፤ የአካባቢውን አሮጊት ፈልጉና ከጎናቸው ተሻገሩ።

አዝሀርን ያሠሩት ፋጢሚዮች ናቸው። ግንባታው በ970 ተጀምሮ በ972 ሶላት ተሰገደበት። በሰላሑዲን ዘመን የጁሙዓ ኹጥባው ወደ ሌላ መስጊድ ተዛውሮ ነበር፤ በ1266 በሱልጧን በይበርስ ዘመን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የሱኒ ዒልም ትልቁ ማዕድ ሆኖ ቆይቷል። ጫማችንን አውልቀን በነጭ እምነበረድ የተነጠፈውን ግቢ ስንረግጥ የከተማው ጩኸት ከበሩ ውጭ ቀረ። ተማሪዎች ዓምዶቹን ተደግፈው ኪታብ ይዘው ተቀምጠዋል። ወሎ ውስጥ ያየናቸው ደረሶች ትዝ አሉን፤ አቀማመጡ ያው ነው።

እኛ ግን የመጣነው አንድ ስም ፍለጋ ነው። በአዝሀር ከየአገሩ የሚመጡ ተማሪዎች እንደየመጡበት ምድር «ሪዋቅ» የሚባል የየራሳቸው ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። ከእነዚህ አንዱ ሪዋቅ አልጀበርት ይባል ነበር። ጀበርት ማለት መጀመሪያ ወደ ዘይላዕና ኢፋት ያለው ምድር ነው፤ በኋላ የሐበሻ ሙስሊም ሁሉ መጠሪያ ሆነ። የእኛ አገር ደረሳ በእግርና በጀልባ ወራት ተጉዞ፣ ዘመድ በሌለበት ከተማ ሲደርስ የሚጠብቀው ጣሪያ፣ ቋንቋውን የሚሰማ ጓደኛና የዕለት ዳቦ ነበረው። ወላጆቹ ከሸኙት በኋላ መድረሱን እንኳ የሚሰሙት ሐጅ ተመላሽ ነግሯቸው ከሆነ ነው። ዛሬ ልጃችን በስልክ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ቢመልስልን የምንጨነቅ እኛ፣ ያንን የእናት ትዕግሥት ማሰቡ ራሱ ከበደን።

ከዚያ ሪዋቅ ሸይኾች ዘር የወጣው ዐብዱረሕማን አልጀበርቲ (1753–1825) የግብፅ ታላቅ የታሪክ ጸሐፊ ነው። ሰባተኛው አያቱ ከጀበርት ምድር መጥተው የሪዋቁ አለቃ ሆነው ነበር። አባቱ ሸይኽ ሐሰን የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበሩ። ናፖሊዮን በ1798 ግብፅን ሲወር፣ የፈረንሳይ ወታደሮች ፈረሶቻቸውን ይዘው አዝሀር ሲገቡ፣ ሁሉን በዓይኑ አይቶ የጻፈው ይህ ሰው ነው። ግብፆች የራሳቸውን ዘመን የሚያነቡት በእሱ ብዕር ነው፤ እኛ ቤት ግን ስሙን የሚያውቅ ወጣት ስንት ይሆን?

ሪዋቆቹ ዛሬ የተማሪ ማደሪያ አይደሉም። ትምህርቱ ግን አልቆመም፤ ዐስርን ሰግደን ስንወጣ አንድ ሸይኽ ዙሪያቸውን ለተቀመጡት ፊቅህ ያስተምሩ ነበር።

በማግስቱ ቁርስ ፉል በላን። ግብፆች ፉልን በዘይትና በሎሚ ይወዱታል፤ ከእኛ ጋር ያላቸው ልዩነት ቃሪያው ላይ ነው፣ በዚህ እኛ እናሸንፋለን። ሩዝ፣ ምስር፣ መኮሮኒና ሽምብራ አንድ ላይ የሚቀርቡበት ኩሸሪ ግን ለእህታችን አልገባትም። «ለምን ይቀላቀላል?» እያለች ጨረሰችው።

ከዚያ ወደ ሮዳ ደሴት ታክሲ ያዝን። ሾፌሩ በዕድሜ ሃምሳ የሚሆናቸው ሰው ናቸው። ከመካከላችን ነሕው የተማረው ወንድማችን በፉስሓ ዐረብኛ ሲያናግራቸው ሳቅ አሸነፋቸው፤ «እንደ ዜና አንባቢ ነው የምትናገረው!» አሉት። ከሐበሻ መሆናችንን ሲሰሙ ግን ሳቁ ቆመ። «ግድቡ» አሉ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ2025 መስከረም መመረቁን እሳቸውም በቴሌቪዥን አይተዋል። የእናታቸው መንደር ሰዎች በዓባይ ውሃ የሚያርሱ ገበሬዎች እንደሆኑ ነገሩን። ወንድማችንም የእሱ እናት ቤት ገና መብራት እንዳልገባ ነገራቸው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ማንም ማንንም አላሳመነም። መንገዱ ስለተጨናነቀ ለመነጋገር ጊዜ አልጠፋም። ስንደርስ «እጠብቃችኋለሁ» አሉን።

የሮዳው ሚቅያስ፣ የዓባይ መለኪያ፣ በ861 በዐባሲው ኸሊፋ በሙተወኪል ትእዛዝ የተሠራ ነው። ሥራውን የመሩት የሥነ ፈለክ ሊቁ አልፈርጋኒ እንደሆኑ ይነገራል። በድንጋይ የተሠራ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ መካከሉ ላይ ክንድ በክንድ ምልክት የተደረገበት ባለ ስምንት ገጽ ዓምድ ቆሟል። ውሃው ከወንዙ በሦስት ቦዮች ይገባ ነበር። በግድግዳው ዙሪያ ከሰማይ ስለሚወርድ ውሃና ስለሚበቅል እህል የሚናገሩ የቁርኣን አንቀጾች በኩፊ ጽሕፈት ተቀርጸዋል። ውሃው አሥራ ስድስት ክንድ ከደረሰ ዓመቱ የጥጋብ ነው፤ ግብሩም በዚያ ይተመናል። ካልደረሰ ረሃብ ነው። ከ1200 ጀምሮ የወንዙ ውሃ ጎድሎ የደረሰውን እልቂት በቦታው የነበረው ሐኪም ዐብዱልለጢፍ አልባግዳዲ ጽፎታል፤ ንባቡ ለልጆች አይሆንም።

እኛ የውሃ ለኪዎች ነንና ደረጃውን ስንወርድ የቆምነው ሥራ ቦታችን ላይ ነበር። አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ ሰማንያ አምስት ከመቶ ያህሉ ከአገራችን ተራሮች ይነሳል። እንግዲህ የዚህ ዓምድ ዘበኞች በየዓመቱ ሲለኩ የኖሩት የእኛን ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጎጃምና ወሎ ዝናብ ሲቀር እዚህ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይጻፋል። የእኛ አገር ድርቅ ባልተመዘገበባቸው ዘመናት እንኳ ካይሮ ላይ በክንድ ተለክቶ ተቀምጧል። በ20ኛው መቶ ዓመት ኸርስት የተባለው እንግሊዛዊ የውሃ መሐንዲስ ይህን መዝገብ መርምሮ፣ የድርቅ ዓመታት ተከታትለው የመምጣት ጠባይ እንዳላቸው ያሳየበት ጥናት ዛሬም በትምህርት ቤት ይሰጣል።

ጉድጓዱ አሁን ደረቅ ነው። የአስዋኑ ታላቅ ግድብ በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ካይሮ የክረምት ሙላት አታይም።

ስንወጣ ሾፌሩ ጥላ ሥር ቆመው ጠበቁን። ምን እንዳየን ጠየቁ፤ ነገርናቸው። እሳቸው ካይሮ ተወልደው ያደጉ ቢሆኑም አንድም ቀን ገብተው አያውቁም። «ጥልቀቱ ስንት ይሆናል?» አሉ። ወንድማችን በስልኩ ያነሳውን ፎቶ አሳያቸው። መነጽራቸውን አውጥተው የዓምዱን ምልክቶች በጣታቸው እየቆጠሩ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው ወደ አየር ማረፊያው ወሰዱን።