ማንኪያውን መለስኩላት

በነርስነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ጡረታ በወጣሁ ማግሥት ታላቅ እህቴ በስትሮክ ቀኝ እጅና እግሯ አልታዘዝ አላት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ካለው ቤቴ አመጣኋት። አጎርሳታለሁ፣ አለብሳታለሁ፣ ፀጉሯን አበጥርላታለሁ። ጎረቤት «እህት እንዲህ ናት!» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሦስት ወር አለፈ፤ እጇ ግን ያው ነው። ደረጃው ስለከበዳት ቤት ድረስ የሚመጣው ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሳጎርሳት አየኝና፣ «ሲስተር፣ የምናሠራው እኮ የእርስዎን እጅ አይደለም» አለኝ። አፈርኩ።

ስትሮክ የገደለው የአንጎል ክፍል አይመለስም። ጤነኛው ክፍል ግን በድግግሞሽ የጠፋውን ሥራ በከፊል ሊማር ይችላል። እኔ ይህን ልምምድ በፍቅር ስም ነጥቄያት ነበር።

በእኛ ጊዜ ሐኪሙም ነርሷም የየራሳቸውን ተምረው ይወጡ ነበር። ዛሬ ጥቁር አንበሳ የነርቭ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናሉ። ምኞቴ እነዚህ ሁሉ ከነርሶች ጋር በአንድ ታማሚ አልጋ ዙሪያ አብረው እንዲማሩ፣ ለአስታማሚ ቤተሰብም ቦታ እንዲተዉ ነው።

በማግሥቱ ማንኪያውን መለስኩላት። ሾርባው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፤ እኔም እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። በሙያ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ የከበደኝ ነገር የለም። ዛሬ እየተንቀጠቀጠችም ቢሆን የቡና ሲኒዋን በቀኟ ታነሳለች።

እናንተም አስታማሚዎች፣ ባለሙያውን «ምን ልሥራላት?» ብቻ ሳይሆን «ምኑን ልተውላት?» ብላችሁ ጠይቁ።