ተራ ስንት ያወጣል?

ለመሆኑ ኮምፒዩተርም ወረፋ አለው? አለው እንጂ! የእኔም እንጀራ ያለው እዚሁ ወረፋ ላይ ነው። ብዙ ኮምፒዩተሮች በአንድ መረብ ተሳስረው በሚሠሩበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የማን ሥራ ይቅደም የማን ይቆይ የሚለውን አደላድላለሁ።

ቀድሞ የመጣ ይቅደም ማለት ቅን ፍርድ ይመስላል። ይሁንና የሁሉም ሥራ ጥድፊያ አንድ አይደለም። የነገን ዝናብ የሚተነብይ ስሌት ዝናቡ ካባራ በኋላ ቢያልቅ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው፤ የዓመት ሒሳብ ማጠቃለያ ግን አንድ ሌሊት ቢያድር ማንንም አይጎዳም። ስለዚህም የሙያው ተመራማሪዎች ለእያንዳንዱ ሥራ፣ በዘገየ ቁጥር እየቀነሰ የሚሄድ ዋጋ ይሰጡታል። በመቆየቱ ብዙ የሚከስረው ይቀድማል ማለት ነው።

አሳቡ የቆየ ነው። አይቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ እንደገለጸው፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፒ.ዲ.ፒ.-1 በተባለው ኮምፒዩተር የሚሠሩ ሰዎች «የን» በተሰኘ የይስሙላ ገንዘብ ለሰዓት ይጫረቱ ነበር። የኑ እንደየሥራው ክብደት ይታደላል፤ ሰዓቱን የተጠቀመበት ሰውም የኑ ተመልሶለት ደግሞ ይጫረትበታል።

ዛሬ ግን የሚከፈለው እውነተኛ ገንዘብ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የፈቱ ኮምፒዩተሮቹን በርካሽ ማከራየት ጀመረ፤ ታዲያ ርካሽነቱ ያለ ምክንያት አይደለም፣ ኩባንያው መሣሪያውን ሲፈልገው በ2 ደቂቃ ማስጠንቀቂያ መልሶ ይወስደዋል። መደበኛው ኪራይ ደግሞ ውል አለው። አገልግሎቱ ውሉ ከሚለው፣ ለምሳሌ በወር ከ99.99 በመቶ በታች ከወረደ፣ ለደንበኛው ከኪራዩ የተወሰነው ይታሰብለታል። ልብ በሉ! የሚካካሰው ኪራዩ ነው እንጂ ሥራው በመስተጓጎሉ የጠፋው ጥቅም አይደለም።

እኔን ዘወትር የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የሥራውን ዋጋ የሚናገረው ባለሥራው ራሱ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ ቀን የደረሰባት ተማሪና ዳጎስ ያለ በጀት ያለው ክፍል እኩል ቢቸኩሉ እንኳ እኩል አይጫረቱም። ያን ጊዜ ማሽኑ የሚመዝነው የችግርን ክብደት ሳይሆን የኪስን ክብደት ይሆናል። ለተማሪዎች የማይነካ ድርሻ ተለይቶ ይቀመጥ ብዬ በየስብሰባው የምሟገተው ለዚህ ነው።

ተራን በዋጋ መደልደል ብልህነት ነው፤ አልቃወምም። ሆኖም «ማን የበለጠ ይከፍላል?» ከማለታችን በፊት «የኑን ያደለው ማን ነው? እንዴትስ አደለው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።