በውሃ ሥር ያለ ንብረት

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመረ ወጣት ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት ከሚደርስበት ነገር አንዱ የንብረት ቆጠራ ነው። መዝገቡን ይዞ ግምጃ ቤት ይገባል፤ ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ መደርደሪያውን ቆጥሮ ይፈርማል። ጥቂት ቆይቶ ግን አንድ ነገር ያስተውላል፤ ይኸውም አንድ ጊዜ ብቻ የተቆጠረ ንብረት ምን ያህል እንዳለ ይነግረናል እንጂ ምን ያህል እንደ ጎደለ አይነግረንም። ጉድለቱ የሚታወቀው በሌላ ዓመት ሌላ ሰው ገብቶ እንደገና ሲቆጥርና ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲዘረጉ ነው። ዛሬ ለውድ አንባብያን ላወራ ያሰብኩት እንደዚህ ስላለ ቆጠራ ነው። ልዩነቱ ግምጃ ቤቱ በውሃ ሥር መሆኑ፣ የሚቆጠረውም ነገር አፈር መሆኑ ነው።

የምኖረው በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ነው። በዚህ ሰፈር ክረምት ሲገባ አፈር እንዴት እንደሚጓዝ ለማየት ከደጃፍ መራቅ አያስፈልግም። ሰኔ ሳይጠና ጎረቤት ተሰብስቦ የመንገዱን ዳር ቦይ ይጠርጋል፤ የወጣውን ጭቃ ወስዶ የሚጥለው ስለማይገኝ ግን እዚያው በቦዩ አፋፍ ላይ ይከመራል። የመጀመሪያው ዶፍ ይመጣና ሁሉንም ጠራርጎ ወደ ወንዙ ይዞት ይወርዳል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ወንዙ የቡና አተላ ይመስላል። ሰውም ሁሉ «ተገላገልነው፤ ሄደ» ይላል። ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የሄደበት ቦታ የታወቀ ነው። ትንሹ አቃቂ ከወጨጫ ተራራ በኩል ተነሥቶ፣ የከተማውን ምዕራባዊ ሰፈሮች ጎርፍና ቆሻሻ እየተቀበለ ወደ ደቡብ ይወርድና፣ እንደ ትልቁ አቃቂ ሁሉ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። አባ ሳሙኤል ተፈጥሮ የሠራችው ሐይቅ አይደለም፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ ኢጣሊያኖች በአገራችን ሳሉ ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲሉ ወንዙን ገድበው ያቆሙት ውሃ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደምጽፍ አንባቢ ይወቅልኝ።) ጣቢያው 6.6 ሜጋዋት የማመንጨት ዓቅም ነበረው። በ1970ዎቹ ግን ሥራውን አቆመ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ወንዙ እያመጣ የሚያስቀምጠው ደለል ነበር። ታድሶ እንደገና ሥራ የጀመረው በቻይና እርዳታ በ2016 ነው። እንግዲህ ከየደጃችን «ሄደ» ብለን የሸኘነው አፈር መሄዱን ሄዷል፤ የሄደው ግን መብራት ወደሚሰጠን ግድብ ነው።

ገፈርሳም ያለው በዚሁ በትንሹ አቃቂ ላይ፣ በአምቦ መንገድ በኩል ነው። ከከተማችን የመጠጥ ውሃ ግድቦች ቀደምቱ እርሱ ነው። ከዋናው ግድብ በላይ ደለል እንዲያስቀር ሌላ ግድብ መሠራቱ መሐንዲሶቹ ጠላታቸውን ለይተው ማወቃቸውን ያሳያል። በሰፈራችን ውሃ በተራ ሲመጣ ሰው የሚወቅሰው ቧንቧውን ወይም ዝናቡን ነው፤ ነገር ግን የግድብ ሆድ በጭቃ በሞላ ቁጥር ዝናቡ ቢበዛም የሚያድረው ውሃ ያንሳል። ጋን ውስጥ ድንጋይ ጨምሮ ውሃ እንደ መቅዳት ማለት ነው።

ታዲያ በውሃ የተሸፈነን ጭቃ እንዴት አድርጎ መቁጠር ይቻላል? የጥንት ሰው ሁለት መሣሪያ ነበረው፤ አንዱ እንጨት፣ ሁለተኛው ጫፉ ላይ ድንጋይ ወይም እርሳስ የታሰረበት ገመድ ነው። ይህን ነገር ሳስብ ሰንብቼ አንድ ቀን በኮልፌ አጣና ተራ ሳልፍ፣ ከሻጮቹ አንዱን ካለው ሁሉ ረጅሙን አጣና እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት።

«ለምን ሥራ ነው ጋሼ? ለመወጣጫ ነው ለአጥር?» አለኝ።

«ውሃ ብለካበት ብዬ ነው» አልኩት።

ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ «ለውሃማ ጀሪካን ይሻልዎታል» ብሎ ሣቀ፤ እኔም አብሬው ሣቅሁ። ነገሩ ግን እውነትነት አለው። እንጨት የሚደርሰው እስከ ርዝመቱ ነው። ገመድም ቢሆን ነፋስ ጀልባውን ሲገፋው ይጋደላል፤ ደግሞም አንዴ በተጣለ ቁጥር የሚነግረን የአንዲት ነጥብ ጥልቀት ብቻ ነው። አንድን ሐይቅ በዚህ ዓይነት ለክቶ መጨረስ ወራት ይፈጃል።

መፍትሔው የተገኘው ከድምፅ ነው። በገደል ፊት ቆሞ የተጣራ ሰው የገደል ማሚቶ እንደምትመልስለት ያውቃል፤ ገደሉ ሲርቅ መልሱ ይዘገያል፣ ሲቀርብ ይፈጥናል። በውሃም ውስጥ እንደዚሁ ነው። በ1826 ኮላዶን የተባለ የስዊስ ሰው በዤኔቭ ሐይቅ ላይ ሁለት ጀልባ አራርቆ አቆመ። በአንደኛው ጀልባ በውሃ ውስጥ የተንጠለጠለው ደወል ሲመታ በዚያው ቅጽበት ባሩድ እንዲቀጣጠል አደረገ፤ እርሱም በሌላው ጀልባ ሆኖ ብልጭታውን ካየበት ጊዜ አንሥቶ ድምፁ በውሃ ውስጥ እስኪደርሰው ድረስ ያለውን ጊዜ ለካ። ድምፅ በዚያ ሐይቅ ውስጥ በሰከንድ 1,435 ሜትር እንደሚሄድ አወቀ፤ ይህም በአየር ውስጥ ከሚሄድበት ፍጥነት አራት እጥፍ ይበልጣል። በ1912 ታይታኒክ የተባለችው መርከብ ከበረዶ ተራራ ጋር ተላትማ ከሰጠመች በኋላ የሊቃውንቱ ትጋት ጨመረ፤ በ1914 ፌሰንደን የተባለው የካናዳ ተወላጅ ድምፅ ወደ ውሃ ልኮ ከበረዶ ተራራ የተመለሰውን ማሚቶ ለመስማት በቃ። ከ1925 እስከ 1927 ሜቴዎር የተባለችው የጀርመን መርከብ የደቡብ አትላንቲክን ወለል በዚሁ ዘዴ ለካች። ሶናር ብለን የምንጠራው ይህን የድምፅ መሣሪያ ነው።

ሒሳቡን ተማሪ ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ድምፅ በሐይቅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል ይጓዛል እንበል። ጥልቀቱ 14 ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ 28 ሜትር ነው፤ 28ን ለ1,480 ብናካፍል መልሱ ከሰከንድ ሁለት መቶኛ ያነሰ ይሆናል። መሣሪያው ይህችን ጊዜ ይለካል፤ ጀልባዋም እንደ በሬ ጥማድ ትልም እያወጣች ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ትመላለሳለች፤ እያንዳንዱ ልክ የተወሰደበት ቦታ በሳተላይት ይመዘገባል። ቀጭን ድምፅ ከለስላሳው ጭቃ ገጽ ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ ወፍራሙ ድምፅ ግን ጭቃውን ዘልቆ ጠንካራው መሬት ላይ ደርሶ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የደለሉ ውፍረት ነው።

ሰው ሁሉ ጥልቁ ባሕር የሚያስቸግር ይመስለዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ ዝቅተኛ ውሃም የራሱ ችግር አለው። ብዙ ጨረር የሚያወጣው ሶናር በጥልቅ ውሃ ላይ ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፤ በዝቅተኛው ላይ ግን የሚሸፍነው ስፋት ከጥልቀቱ ጋር ስለሚጠብ ጀልባዋ እጥፍ ድርብ መመላለስ አለባት። ሣርና ቄጠማ ድምፁን ያደናግሩታል፤ ጀልባዋም ጭቃ ላይ ልትቀመጥ ትችላለች። በዚህም ላይ ውሃው በክረምት ሞልቶ በበጋ ስለሚጎድል፣ ጥልቀቱን ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ ወለሉ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ መጻፍ አለበት። አለዚያ የመስከረሙ ልክና የግንቦቱ ልክ አይነጻጸሩም።

የሁለት ቆጠራ ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። በብዙ የባሕር ጠረፎች ፊት ለፊት እንደ አጥር የተጋደሙ ቀጫጭን የአሸዋ ደሴቶች አሉ፤ የማዕበሉን ጉልበት ተቀብለው ከኋላቸው ያለውን ምድር ይጠብቃሉ። በኒው ዮርክ አጠገብ የሚገኘው ፋየር አይላንድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም እንዲህ ያለ ደሴት ነው። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ከደሴቱ ፊት ያለውን የባሕር ወለል በ1996 እና በ1997 በሶናር ለካ፤ በ2011 ደገመው። በ2012 ሳንዲ የተባለው ዐውሎ ነፋስ መጥቶ ደሴቱን ሰንጥቆ ባሕሩን ወደ ውስጥ አስገባ። በ2014 ለሦስተኛ ጊዜ ተለካ። መዝገቦቹ ጎን ለጎን ሲዘረጉ ከባሕሩ በታች የተጋደሙት የአሸዋ ጉብታዎች ቦታ እየለወጡ መሄዳቸው ታየ፤ የደሴቱ ምዕራባዊ ክፍል ከሌላው ይልቅ ጸንቶ የቆየውም ከእነዚያ ጉብታዎች አሸዋ ስለሚደርሰው እንደሆነ ሊቃውንቱ አስረዱ። ደሴቱ ላይ ቆሞ ደሴቱን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። የላዩ ነገር ምክንያቱ ከሥሩ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ባሕር ባይኖረንም ደሴትና ጠረፍ ያለው ጣና አለን። ጣና 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ከሁሉ የሚጠልቀው ቦታው ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ጣና እንደ ምጣድ እንጂ እንደ ጋን አይደለም። በ1937 የኢጣሊያ አካዳሚ የላከው የጥናት ቡድን ሐይቁን መርምሮ ውጤቱን በ1940 አሳተመ። ከዚያም ወዲህ ባለሙያዎች በድምፅ መሣሪያ ለክተውታል። በ2007 ባወጡት ጥናት ደግሞ ሄንሪ ላም፣ ዶክተር መሐመድ ኡመር፣ ዶክተር እሸቴ ደጀንና ጓደኞቻቸው ከወለሉ በታች ያለውን ንብርብር በድምፅ አይተው፣ ጭቃውንም በቱቦ አውጥተው መርምረው፣ ጣና ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደ ነበረ አስረዱ። ታላቁ ሐይቃችን ዘላለማዊ አይደለም ማለት ነው።

ይህ ነገር የድሮ ወሬ ብቻ እንዳይመስለን በ2003 የሆነውን እናስታውስ። ዝናብ በማነሱና በጨረጨራ ግድብ በኩል ለኤሌክትሪክ ብዙ ውሃ በመለቀቁ ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች ወረደ፤ መርከቦችም አራት ወር ያህል መመላለስ አቆሙ። ከደሴት ወደ ወደብ እህልና ሰው የሚያመላልሰው መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። እንደ ምጣድ ባለ ሐይቅ ላይ አንዲት ሜትር ትልቅ ነገር ናት። ግልገል ዓባይና ጉማራ በየዓመቱ የሚያመጡት አፈር አፋቸው ላይ ተከምሮ ወደ ሐይቁ እንደ ጣት ተዘርግቷል፤ በ1957 ከአውሮፕላን የተነሡትን ፎቶግራፎች ከዛሬዎቹ ጋር የሚያስተያይ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። ፎቶግራፉ የሚያሳየው ግን ከውሃ በላይ ብቅ ያለውን ብቻ ነው። ከሥር የተኛውን የሚያውቀው ማሚቶው ነው።

በእኔ አስተያየት ችግራችን የመሣሪያ እጦት ብቻ አይደለም። ዓሣ አጥማጆች በጀልባቸው ላይ የሚያስሩት ትንሽ መሣሪያ እንኳ በዚሁ የማሚቶ ሕግ የሚሠራ ነው። ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስፈልገን ልማድ ነው። አንድ ጥናት ይደረጋል፤ ጥራዙ ይታተማል፤ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው አጥኚ በሌላ መስመርና በሌላ መነሻ ከፍታ ይለካል። እንዲህ ሲሆን ሁለት መዝገብ አለን እንላለን እንጂ የሚነጻጸር መዝገብ የለንም። ስለዚህ የሚለካው መስመር፣ የመነሻው ከፍታና የሚለካበት ወር አንድ ጊዜ ተወስኖ ተጽፎ መቀመጥ አለበት፤ ጽሕፈቱም ማንም ወጣት ሠራተኛ ጠይቆ የሚያገኘው መሆን አለበት።

ይህን ለማድረግ ዛሬ መልካም ጊዜ ነው። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በሴፕቴምበር 2025 ተመርቋል፤ ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ነው። ዓባይ ከደጋው የሚያወርደውን አፈር ከእንግዲህ ወዲህ የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። አባ ሳሙኤልና ገፈርሳ ከእርሱ ጋር ሲተያዩ ኩሬ ናቸው፤ ነገር ግን በኩሬ ያልተለማመደ ሰው በባሕር ላይ አይሠለጥንም። በአቅራቢያችን ያሉት እነዚህ ትናንሽ ግድቦች ለምህንድስና ተማሪዎች ጥሩ ትምህርት ቤት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጥዋት ከኮልፌ ተነሥቶ ለክቶ ማታ ቤቱ መግባት ይቻላልና።

አንባቢዬ ተማሪ ከሆነ ምናልባት የሚለካው እርሱ ይሆናል። በቢሮ የተቀመጠ ወጣት ከሆነ ደግሞ ልኩን የሚመዘግበውና ፋይሉን የሚጠብቀው እርሱ ይሆናል፤ ይህም ከመለካቱ አያንስም። የመጀመሪያውን ቆጠራ የሚያደርግ ሰው ውጤቱን ራሱ ላያየው ይችላል። ጉድለቱን ወይም ትርፉን የሚያውቀው ከሃያ ዓመት በኋላ ያንኑ መዝገብ ገልጦ እንደገና የሚለካው ሰው ነው፤ ያ ሰው ግን ዛሬ የተጻፈ ነገር ካላገኘ ሥራውን ከባዶ ይጀምራል።