በሰው አገር ገበያ

ነጋዴ ወደ አዲስ ገበያ ሲሄድ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያየው የሰውን ኪስ ነው፤ ሰውየውን የሚያየው ግን ዘግይቶ ነው። አንዳንዱም ሳያየው ይመለሳል። ይህን የምለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔ ራሴ ያደረግሁትና ያፈርሁበት ነገር ስለ ሆነ ነው። እናንተ ወጣቶች በእጃችሁ በያዛችሁት ስልክ ከሩቅ አገር ሰው ጋር ለመገበያየት የምትችሉበት ዘመን ላይ ደርሳችኋልና፥ የኔ ስሕተት ለእናንተ ትምህርት ቢሆን ብዬ ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

የምኖረው በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ነው። እኅቴ በአዲስ አበባ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች እየገዛች የምትልክልኝን የአንገት ልብስና የጠረጴዛ ልብስ በኢንተርኔት እሸጣለሁ። ንግዱ ትንሽ ነው፤ ዳሩ ግን ለቤት ኪራይ ያግዘኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ የማውቀው ነጋዴ፥ «ምን በዚህ ትለፋለህ? ስዊዘርላንድ ባጠገብህ ናት፤ ሕዝቧ ሀብታም ነው፤ ቋንቋውም ያው ጀርመንኛ ነው፤ ዩሮውን ወደ ፍራንክ ለውጠህ ዋጋውን ከፍ አድርገህ ሽጥ» አለኝ። ምክሩ ጣፈጠኝ። በአንድ ሌሊት የሱቄን ገጽ ገልብጬ፥ ዋጋውን በፍራንክ ጽፌ፥ ሌሎቹን ቋንቋዎች ደግሞ ኮምፒዩተሩ እንዲተረጉምልኝ አዝዤ ተኛሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንደኔ ላለው ሰው ነው።

አገሪቱን ማጥናት የጀመርሁት ሱቁን ከከፈትሁ በኋላ ነው። ስዊዘርላንድ ወደ 9 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ያላት፥ በ26 ካንቶኖች የተከፈለች አገር ናት። ከአሥሩ ሰው ስድስቱ ያህል ጀርመንኛ፥ ከሁለት ትንሽ ከፍ የሚለው ፈረንሳይኛ፥ ከመቶው ስምንቱ ያህል ደግሞ ጣሊያንኛ ይናገራል። ከመቶ አንድ የማይሞላው ሕዝብ ቋንቋ ሮማንሽ ይባላል። ጥቂቶች ናቸውና ይቅሩ አልተባለም፤ በፈረንጆች 1938 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ሮማንሽን ከሦስቱ ጋር የአገሪቱ ብሔራዊ ቋንቋ አድርጎታል። በሳንቲማቸውም ላይ የአገሪቱን ስም የሚጽፉት ከአራቱ በአንዱ ሳይሆን በላቲን ነው፤ በዚህም ማንም አይበልጥም፥ ማንም አያንስም። እንዲህ ያለ ሕዝብ በቋንቋው በኩል የተሠራበትን ግዴለሽነት ቶሎ ይለየዋል።

ጀርመንኛውም ቢሆን ያው አይደለም። በቤትና በገበያ የሚነጋገሩበት ከጀርመኖቹ የተለየ ነው፤ በጽሕፈትም ጀርመኖች በአንዳንድ ቃል የሚያገቡትን አንድ ልዩ ፊደል እነርሱ ትተው በሁለት «ኤስ» ይጽፉታል። ስለዚህ የኔን ገጽ ያነበበ ሁሉ ከጎረቤት አገር ተገልብጦ የመጣ መሆኑን ወዲያው ያውቅ ነበር።

በሁለተኛው ወር ከሎዛን ከተማ አንዲት አሮጊት ወይዘሮ በፈረንሳይኛ ጻፉልኝ። «ጌታዬ፥ ልብስዎን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ‹በቀለም ያጌጠ የአገር ወሰን አለው› ብለው ጽፈዋል። የማንና የማን ወሰን ነው?» ይላሉ። ነገሩን ስመረምር፥ ስለ ልብሱ ጥለት አስቀድሜ በእንግሊዝኛ ጽፌ ኖሯል። በእንግሊዝኛ የልብስ ጥለትና የአገር ጠረፍ በአንድ ቃል ይጠራሉ፤ ኮምፒዩተሩም ጥለቱን ትቶ ጠረፉን ያዘ። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ በኋላ ግን አፈርሁ። ሸማኔው ዓይኑን አድክሞ ያገባውን ጥለት እኔ በአንድ ቃል ስንኳ አጣርቼ ለመንገር አልደከምሁምና።

ወይዘሮዋ ሳይቀየሙ አንድ የአንገት ልብስ ከማመላለሻው ጋር በ120 ፍራንክ ገዙኝ። አሁን ደግሞ ያላሰብሁት እውነተኛው ጠረፍ መጣ። ስዊዘርላንድ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ አይደለችም። ሰው ከፍራንክፈርት በባቡር ተሳፍሮ ባዝል ሲገባ ብዙ ጊዜ ፓስፖርት የሚጠይቀው የለም፤ ዕቃ ግን በጉምሩክ ማለፍ አለበት። በኢንዱስትሪ ዕቃ ላይ የነበረው ቀረጥ በፈረንጆች 2024 መጀመሪያ ቢነሣም፥ የተጨማሪ እሴት ታክሱ አልተነሣም፤ እንዲያውም በዚያው ቀን 8.1 ከመቶ ሆኗል። ታክሱ ከ5 ፍራንክ የማይበልጥ ከሆነ አይጠየቅም፤ የወይዘሮዋ ግን 9 ፍራንክ ከ72 ሳንቲም ሆነ፤ በዚያም ላይ ዕቃውን በጉምሩክ ያሳለፈው አመላላሽ የድካሙን ዋጋ ጨመረበት። ወይዘሮዋ በደጃፋቸው ይህን ሁሉ ከከፈሉ በኋላ፥ «የነገሩኝ ዋጋና የከፈልሁት ዋጋ አንድ አይደለም» ብለው ጻፉልኝ። ሐሰት አልነገርኋቸውም፤ እውነቱን ግን ሙሉውን አልነገርኋቸውም።

ይህን ለዚያው ወዳጄ ባጫውተው፥ «ቀላል ነው! በወረቀቱ ላይ ‹ስጦታ› ብለህ 40 ፍራንክ ጻፍበት» አለኝ። በዚያ አገር ሕግ ሰው ለወዳጁ ከውጭ አገር የሚልከው ስጦታ እስከ 100 ፍራንክ ድረስ ታክስ አይከፈልበትም። ይህ የተሠራው ለዘመድና ለወዳጅ ነው እንጂ ለነጋዴ አይደለም። እኔም ይህን እያወቅሁ፥ ወይዘሮዋ ለልጃቸው ልደት ሁለተኛ ልብስ ባዘዙ ጊዜ እንደ ተመከርሁት ጻፍሁ። ለራሴም፥ «እርሳቸውን ከወጪ ለማዳን ነው» አልሁ። ሰው ክፉ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ለሌላው ያሰበ ይመስለዋል።

መልሳቸው እንዲህ የሚል ነበር፦ «በወረቀቱ ላይ ‹ስጦታ፥ ዋጋው 40 ፍራንክ› ብለው ጽፈዋል፤ እኔ የከፈልሁት ግን 120 ነው። ለጉምሩኩ የጻፉት እውነት ከሆነ እኔን አታለውኛል፤ ለእኔ የነገሩኝ እውነት ከሆነ ደግሞ መንግሥቴን አታለዋል። ልጄ ‹የልብሱ ዋጋ ስንት ነው?› ብላ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሕግ መጣሴና የደንበኛዬን እምነት ማጣቴ ብቻ አይደለም ያስጨነቀኝ። ልብሱን የሠሩት ሽማግሌ ሸማኔ እኅቴን ባገኟት ቁጥር፥ «ልብሱን እንዴት አገኙት? ወደዱት?» እያሉ ይጠይቋት እንደ ነበር ትዝ አለኝ። እግራቸውን ከጉድጓዱ ሰደው፥ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውሩ የዋሉበትን ሥራ እኔ በሰው አገር መንግሥት ፊት ሢሶውን ብቻ ያወጣል ብዬ በፊርማዬ አጸደቅሁ። የአገሬን ሥራ ለማስከበር የወጣሁ መስሎኝ ያረከስሁት እኔው ነኝ።

በማግሥቱ ለጉምሩኩ ትክክለኛውን ዋጋ ጽፌ አስታወቅሁ፤ የሚገባውንም ከፈልሁ። ለወይዘሮዋ ጥፋቴን ሳልሸፋፍን ጽፌ፥ ልብሱን ካልፈለጉት ገንዘባቸውን እንደምመልስ ነገርኋቸው። አንድ ወር ያህል መልስ አላገኘሁም። በኋላ፥ «አሁን ለልጄ የምነግራት አለኝ» የሚል አጭር ደብዳቤ መጣልኝ።

ከዚያ በኋላ ሱቁን ዘግቼ እንደ ገና ጀመርሁ። ለፈረንሳይኛው በሎዛን የምትማር አንዲት የአገራችን ልጅ፥ ለጣሊያንኛው የሉጋኖ ተወላጅ የሆነ ተማሪ፥ ለጀርመንኛው አንድ የዙሪክ ሰው እየከፈልኋቸው ገጹን አንድ በአንድ አረሙት። ታክሱንና የአመላላሹን ዋጋ አስቀድሜ ከራሴ እየከፈልሁ፥ ገዢው በገጹ ላይ ካየው በላይ አንዲት ሳንቲም እንዳይጠየቅ አደረግሁ። በጀርመን ሕግ በኢንተርኔት የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ዕቃውን ለመመለስ መብት አለው፤ በስዊዘርላንድ እንዲህ ያለ ጠቅላላ ሕግ የለም። እኔ ግን ባልገደድም ለሁሉም 14 ቀን ሰጠሁ፤ ለአንዱ ጎረቤት አንድ ሚዛን፥ ለሌላው ሌላ ሚዛን መያዝ አልወደድሁምና። በዚያ አገር ብዙ ሰው ዕቃውን ተቀብሎ ካየ በኋላ በሚደርሰው የሒሳብ ወረቀት መክፈል ይወድዳል። ይህ መጀመሪያ አስፈራኝ። ነገር ግን እመኑኝ እያልሁ የምለምን ሰው ሌላውን አላምንም ብል ምን ዓይነት ነጋዴ እሆናለሁ? ተቀበልሁት። እስካሁን የቀረብኝ የአንድ ሰው ዕዳ ብቻ ነው።

ሀብታም ሆንሁ ብዬ አላታልላችሁም። የመጀመሪያው ዓመት ትርፌ ሁሉ ለተርጓሚዎቹና ለመላኪያው ወጣ። ዛሬም ንግዴ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የገዛ ተመልሶ ይመጣል፤ ጎረቤቱንም ይልካል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፥ ወደ ሀብታም አገር ገበያ ለመግባት ብታስብ፥ «ስንት ገንዘብ አላቸው?» ከማለትህ በፊት፥ «በምን ቋንቋ ይነጋገራሉ? ሕጋቸው ምን ይላል? ሲከፍሉ ምን ያሳስባቸዋል?» ብለህ ጠይቅ። የሰውን ቋንቋ አጣርቶ መጻፍ ሰውየውን ማክበር ነው፤ በጠረፍ ላይ እውነተኛውን ዋጋ መጻፍ ደግሞ አገሩንም፥ የራስህን ወገን ድካምም ማክበር ነው። ዕቃህ ከአንተ ቀድሞ ጠረፉን ይሻገራል፤ አንተን ያላየ ሰው የሚያውቅህ በእርሱ ነውና፥ በላዩ የምትጽፈውን ተጠንቅቀህ ጻፍ።