ታዛዡ ማን ነው?

ሰው በገዛ እጁ የሠራው መሣሪያ አንድ ቀን ይገዛኝ ይሆናል ብሎ መስጋት የጀመረው ዛሬ አይደለም። «ሮቦት» የሚለው ቃል ራሱ ይህን ስጋት ይዞ የተወለደ ነው። ቃሉን ለዓለም ያስተዋወቀው የቼክ ደራሲ ካሬል ቻፔክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920 ባሳተመው ተውኔት ሲሆን፣ የተገኘውም በአገሩ ቋንቋ «ሮቦታ» ከሚለው ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ገባር ለጌታው በግዴታ የሚሠራው የጉልበት ሥራ ማለት ነው። በተውኔቱ ውስጥ እነዚያ ሰው ሠራሽ ገባሮች በመጨረሻ በጌቶቻቸው ላይ ይነሣሉ።

እኔም የመሣሪያንና የሰውን ነገር ባሰብሁ ቍጥር፣ ማን ማንን ያሸንፋል ከማለት በቀር ሌላ ጥያቄ ያለ አይመስለኝም ነበር። ዳሩ ግን በቅርቡ አንድ ማታ ከልጄ ጋር ተቀምጬ የተመለከትሁት የዳንስ ፊልም ሌላ ጥያቄ አስነሣብኝ።

ዳንሱን የደረሰው ሁዋንግ ዪ የተባለ የታይዋን ሰው ነው። አብሮት የሚደንሰው ግን ሰው አይደለም፤ ኩካ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ የሚሠራው፣ በመኪና መሥሪያ ቤቶች ብረት ሲያነሣና ሲበይድ የሚውለው ትልቅ የብረት ክንድ ነው። ሥራው በ2013 በኦስትሪያ በሊንዝ ከተማ፣ በ2015 ደግሞ በኒው ዮርክ ለሕዝብ ታይቷል። ሰውየው ጥቁር ልብስ ለብሶ በጨለማው መድረክ ከክንዱ ፊት ይቆማል። እጁን ሲያነሣ ክንዱም ይነሣል፤ ጐንበስ ሲል ክንዱም ጐንበስ ይላል። በመጨረሻው ክፍል አንድ ወንድና አንዲት ሴት ዳንሰኞች ቀርበው፣ በክር እንደሚጐተት አሻንጉሊት ይንቀሳቀሳሉ።

ልጄ ዝም ብላ ስትመለከት ቈይታ፣ «አባዬ፣ የሚመራው የትኛው ነው?» አለችኝ።

«ሰውየው ነዋ! ብረት ምን ያውቃል?» አልኋት።

ከዚያ በኋላ ግን መልሴ ለራሴም አላጠገበኝም። ሁዋንግ ዪ የክንዱን የአንድ ደቂቃ እንቅስቃሴ ለማዘጋጀት ዐሥር ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እያንዳንዷን መታጠፍና መዘርጋት አስቀድሞ እርሱ ያዝዛል። መድረክ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ክንዱ አይጠብቀውም። ሰውየው ለቅጽበት ቢዘገይ፣ ክንዱ በታዘዘበት መንገድ ይሄዳል እንጂ ምን ነካህ ብሎ አይቆምም። ስለዚህ ትናንት አዛዥ የነበረው ሰው ዛሬ ለገዛ ትእዛዙ ታዛዥ ይሆናል። ታዲያ ገባሩ የትኛው ነው?

ሁዋንግ ዪ ስለ ልጅነቱ የተናገረው ነገር ደግሞ ይበልጥ ልቤን ነካው። ወላጆቹ ሀብታቸውን ባጡ ጊዜ፣ እርሱ ምንም ጥፋት የማይገኝበት፣ ማንንም የማያስቸግር ልጅ ለመሆን ሲል ራሱን እንደ ሮቦት አድርጎ ማደጉን ገልጿል። ይህን ስሰማ የራሴ አስተዳደግ ታወሰኝ። በእኛ ቤት የተመሰገነ ልጅ ማለት ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት የሚል ነበር። እኔም እንዲህ ሆኜ አደግሁ፤ ልጄንም እንዲሁ አሳደግሁ። በዚያው ሳምንት የምትማረውን የትምህርት መስክ እኔው መርጬ፣ ቅጹን እኔው ሞልቼ፣ «ፈርሚ» ብዬ ሰጥቻት ነበር። እርስዋም አንድ ቃል ሳትናገር ፈረመች። እኔም በዝምታዋ ኰርቼ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነገሩን ከሥሩ አሰብሁት። የብረቱ ክንድ በየማታው ያንኑ እንቅስቃሴ ሳያጓድል ይፈጽማል፤ ነገር ግን እምቢ ማለት ስለማይችል ታዛዥ ብለን ልናመሰግነው አንችልም። ሰውየው ግን ላቡ እየወረደ፣ ሊጐዳው ወደሚችለው ብረት በየማታው በፈቃዱ ይቀርባል። መቅረት ሲችል መጥቷል፤ መሸሽ ሲችል ቆሟል። መታዘዙን ክብር ያለው ያደረገው ይህ ነው። እንግዲያስ ነፃነት ማለት ከትእዛዝ ሁሉ መውጣት ሳይሆን፣ እሺ የሚለው አፍ እምቢም ለማለት የሚችል መሆኑ ነው። እምቢታን ያላስተማርሁት ልጅ እሺታው ምን ዋጋ አለው?

በማግሥቱ ጠዋት ልጄን ጠርቼ፣ «ያን ቅጽ እምቢ ለማለት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

አቀርቅራ ቈየችና፣ «ብልህ ኖሮ ትቈጣ አልነበር?» አለችኝ።

«እቈጣ ነበር» አልኋት፤ መዋሸት አልቻልሁምና።

ቅጹ ገና ለትምህርት ቤቱ አልተሰጠም ነበር። ከመሳቢያው አውጥቼ፣ ከአንድ ባዶ ቅጽ ጋር በፊቷ አኖርሁትና ብቻዋን ትቻት ወጣሁ።