ዕድሜ የሚቀንስ ውሃ



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ስሕተትን መለየት ዒልም ይፈልጋል። የተሳሳተን ሰው መመለስ ደግሞ ከዒልሙ ጋር አደብ ይፈልጋል። ይህን ከኡስታዞቻችን እግር ሥር ቁጭ ብለን ቀርተነዋል። ተግባሩን ያየነው ግን ሎምቦክ በምትባል ደሴት፣ ጫካ ውስጥ በተሸሸገ ፏፏቴ አጠገብ ነው።

ሎምቦክ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከባሊ በስተምሥራቅ የምትገኝ ደሴት ናት። የባሊ ሰው አብዛኛው ሂንዱ ሲሆን የሎምቦኮቹ ሳሳኮች ግን ሙስሊሞች ናቸው። መስጂድ ስለበዛባት «የሺህ መስጂዶች ደሴት» ይሏታል። በሰሜኗ በኩል 3,726 ሜትር ከፍታ ያለው የሪንጃኒ እሳተ ገሞራ ተራራ አለ። የአካባቢው ሰው ተራራውንም ከእርሱ የሚወርደውንም ውሃ ከጥንት ጀምሮ ያከብራል። ከተራራው ግርጌ፣ ሰናሩ በምትባል መንደር አጠገብ፣ ሰንዳንግ ጊለ እና ቲዩ ኬለፕ የሚባሉ ሁለት ፏፏቴዎች ይገኛሉ።

ለአጭር ሥልጠና ወደዚያ አገር በሄድንበት ጊዜ፣ እዚያው የሚማር አንድ ሐበሻ ወንድማችን ይዞን ሄደ። ከእርሱ ጋር አራት ነበርን። ወደ መጀመሪያው ፏፏቴ የሚወስደው ረጅም ደረጃ ነው። ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ቲዩ ኬለፕ፣ ለመድረስ ግን የመስኖ ቦይ ተከትሎ፣ ድንጋያማ ወንዝ እየተሻገሩ በጫካ መጓዝ ነው። ፏፏቴው ገና ሳይታይ ድምፁ ይሰማል። ደርሰን ነጩ ውሃ ከአረንጓዴው ገደል ሲወረወር ስናይ፣ ፍንጣቂው ፊታችንን እያራሰው «ሱብሓነላህ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣንም።

መንገድ የሚመሩን የመንደሩ ነዋሪ የሆኑ አንድ ሙስሊም አባት ነበሩ። «እዚህ የታጠበ ሰው ዕድሜው በአንድ ዓመት ይቀንስለታል ይባላል» አሉን። ይህ እንደተተረጎመልን አንዱ ጓደኛችን ቱግ አለ፦ «ይህ እኮ ሽርክ ነው! ሙስሊም ሆነው እንዴት እንዲህ ይላሉ?» አስተርጓሚያችን አፍሮ ዝም አለ። ዝም ማለቱ ግን አልጠቀመም፤ በእነርሱም ቋንቋ ቃሉ «ሺሪክ» ነው። የአባባ ፊት ወዲያው ጠቆረ።

ዙህር ደርሶ ነበር። ውዱእ አድርገን አብረን ሰገድን። እኛ መንገደኞች ስለሆንን በሁለት ረከዐ አሳጠርን፤ እርሳቸው ኢማማችን ሲያሰላምት ተነስተው አራት ሞሉ። ከዚያ ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ ጠጋ ብሎ በእርጋታ ጠየቃቸው፦ «አባባ፣ እርስዎስ ያምኑበታል?»

አባባ ሳቁ። ኮፍያቸውን አንስተው ሽበታቸውን አሳዩን። «ከልጅነቴ ጀምሮ እዚህ ታጥቤያለሁ። ዕድሜ የሚቀንስ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ገና አልተወለድኩም ነበር!» ሁላችንም ሳቅን፤ ቱግ ያለው ጓደኛችንም ጭምር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ዕድሜ በአላህ እጅ ነው። ከልባቸው የሚያምኑበት ግን አሉ። እነርሱን የማስረዳው እኔ ነኝ። እናንተ ነገ ትሄዳላችሁ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር እኖራለሁ።»

ወንድሞችና እህቶች! ሑክሙ ግልጽ ነው፤ በእርሱ ላይ አንደራደርም። አጀል በአላህ ዘንድ የተወሰነ ነው። አንድ ውሃ የተለየ በረካ አለው ለማለት ደሊል ያስፈልጋል። ዘምዘም ደሊል አለው፤ ቲዩ ኬለፕ የለውም። ዑመር (ረ.ዐ) ሐጀረል አስወድን ሲስሙ፣ የማይጎዳና የማይጠቅም ድንጋይ መሆኑን እንደሚያውቁና የሚስሙትም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲስሙት ስላዩ ብቻ እንደሆነ ተናግረዋል። ለተከበረው ድንጋይ ይህ ከተባለ ለፏፏቴ ምን ሊባል ነው?

ነገር ግን «ይባላል» ብሎ የነገረንንና ያመነበትን ሳንለይ፣ ሳንጠይቅ መፈረጅ ከዳዕዋ አይቆጠርም። አንድ ጥያቄ ብናስቀድም ኖሮ የእኚህን አባት ዐቂዳ ፊታቸው ሳይጠቁር እናውቅ ነበር።

ሌላም የሚያስቀና ነገር አይተናል። በዚያ አካባቢ የምንጮቹን ጫካ የሚጠብቅ «አዊግ አዊግ» የሚባል የባህል ሕግ አላቸው፤ ዛፍ የቆረጠ ይቀጣል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቆመ ውሃ ላይ መሽናትን ከልክለዋል። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የምናደርገው እኛ፣ በከተማችን የሚያልፈውን ወንዝ በምን እንደሞላነው እናውቃለን። የእነርሱን እምነት ስናርም የእኛን እጅም እንመልከት።

ዛሬ በየስልካችን «ሙሽሪክ» የሚለው ቃል በቀላሉ ይወረወራል። ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ደግሞ ምንጭ ወይም ቀብር በሚዘይሩ እናቶቻችንና አያቶቻችን ላይ ነው። እኛ እንደ እንግዳ ነገ ተሳፍረን የምንሄድ አይደለንም፤ ማታ እዚያው ቤት ገብተን ከእነርሱ ጋር አንድ ትሪ ላይ እንበላለን። ስለዚህ መጀመሪያ እንጠይቅ፤ ቀጥሎ በደሊል እናስረዳ፤ ከዚያም አብረን እንኑር።

አላህ ተውሒድን ከመልካም ሥነ ምግባር ጋር ይወፍቀን። አሚን!