ግማሽ አዎ

እኛ «አዎ» ለማለት አፋችንን መክፈት አያስፈልገንም። ሁለቱን ቅንድብ ከፍ ማድረግ፣ ሲያሰኘን ትንሽ አየር ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ ይበቃል። ይህን ያስተዋልኩት አንዱ ቅንድቤ ብቻ መነሳት ከጀመረ በኋላ ነው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቦቶክስ የጀመርኩት በ31 ዓመቴ፣ በቅንድቦቼ መሀል ባሉት ሁለት ሰረዞች ምክንያት ነው። ሥራ ቦታ «ተናደድሽ እንዴ?» ሲሉኝ ይውላሉ፤ እኔ እኮ እያሰብኩ ነው።

ቦቶክስ ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን መልእክት ይቆርጣል። በጥቂት ቀናት ውስጥ መሥራት ይጀምርና ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል። ቅንድብን ወደ ታች የሚጎትቱት ጡንቻዎች ብዙ ናቸው፤ ወደ ላይ የሚያነሳው ግን የግንባር ጡንቻ ብቻ ነው። መሀሉ ደክሞ ዳሩ ካልተነካ፣ የቅንድቡ ጫፍ ብቻውን ሽቅብ ይወጣል። እኔም አንዴ የካርቱን ክፉ ንግሥት መስዬ ነበር። ዳር ዳሩን ትንሽ ጨመሩልኝና ወረደ። ባይጨምሩልኝም ጊዜ ይፈታው ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ሌላ ነገር ነው። ቅንድቤ እንደ አባቴ ወገን ሴቶች ዓይኔ ላይ መውረድ ሲጀምር፣ በ36 ዓመቴ፣ ፀጉሬ ውስጥ በተከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ገብተው አነሱልኝ። እብጠቱ ሲጎድል ግራው ይነሳል፣ ቀኙ ተኝቷል። ግንባርን የሚያንቀሳቅሰው ቀጭን ነርቭ በዓይንና በጆሮ መካከል ያልፋል፤ ከተጎዳ ቅንድቡ ዝም ይላል። አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል አሉኝ፤ ጠበቅኩ። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ትንሽ ተመልሷል፤ «አዎ» ለማለት ግን አይደርስም።

እናቴ አዲስ አበባ ናት። ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ በቪዲዮ ስንደዋወል ከድምፄ ይልቅ ፊቴን ነው የምታነበው። አንድ ቀን ስለ ታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ አነሳችብኝ። እልካለሁ ለማለት እንደ ልማዴ ቅንድቤን አነሳሁ። እሷ ያየችው ግማሹን ነው።

«ምነው ልጄ፣ ታዘብሽኝ?»

ወሬ ቀየረች። ለሁለት ሳምንት ገንዘብ የሚባል ነገር አላነሳችም። «አሜሪካ ንቀት አስተማረቻት» ማለቷን የሰማሁት ከእህቴ ነው።

ሐኪሙ መፍትሔ አለው፦ የሚነሳውን ግራውን በየጥቂት ወሩ በቦቶክስ ማድከም። ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፤ እኩል የሚሆኑት ግን በዝምታ ነው። ፎቶ ላይ አምራለሁ፣ ለእማዬ ግን ግድግዳ እሆንባታለሁ። ድጋሚ ቀዶ ሕክምናም አለ፤ እሱም ቀኙን ከፍ አድርጎ ይሰቅለው ይሆናል እንጂ ነርቩን አያነቃውም።

ጓደኞቼ አሁን እኔን ነው የሚጠይቁኝ። አትሂዱ አልላቸውም። ሲስቁ፣ ሲገረሙ፣ ሲቆጡ ራሳቸውን በቪዲዮ እንዲቀርጹ እነግራቸዋለሁ፤ ፎቶ የቆመ ፊት ብቻ ነው የሚያሳየው። ቪዲዮው ድሮም ሁለቱ ቅንድብ እኩል እንዳልነበሩ ያሳያቸዋል። ሐኪሙንም «እኩል ይሆናል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ይንቀሳቀሳል ወይ?» ብለው ይጠይቁት።

የቦቶክስ ቀጠሮዬን ሰርዣለሁ። ለእማዬም ሁሉንም ነገርኳት። አሁን ስትጠይቀኝ ግራ ቅንድቤን አነሳና «አዎ፣ እማዬ!» ብዬ እጮኻለሁ።

«ምን ያስጮኽሻል፣ ደንቆሮ ነኝ እንዴ?» ትለኛለች።